ማን ቆጠረ? ስለ ነፋስ ኃይልና ስለ አእዋፍ አዳማ ላይ የተደረገ ንግግር

(ጥቅምት መግቢያ ላይ የፍልሰተኛ አእዋፍ ቀን አዳማ ሲከበር ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ቀርቧል፤ ድግግሞሹንም ቀልዱንም አልነካሁትም።)

ጤና ይስጥልኝ! አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ? ኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ይህ ማይክ ይጮኻል እንጂ አይናገርም መሰለኝ። አሁንስ? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች፣ ከመብራት ኃይል የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ላስተማረ ሰው ሃያ ደቂቃ ማለት ስም መጥሪያ ነው። ስለዚህ ደወል የሚደውልብኝ ሰው መድቡልኝ ብያለሁ። ያቻት፣ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ልጄ፣ አትዘኚልኝ፤ ደውይው።

በጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ተርባይኖቹን ያያችሁ? ሁላችሁም። እንዴት አይታዩም፣ ሸንተረሩ ላይ ተሰልፈው! አሁን ደግሞ ከተርባይኖቹ በላይ ሲዞር የነበረውን አሞራ ያያችሁ? አንድ... ሁለት... እዚያ ጥግ አንድ... አራት። አራት ሰው። ተርባይኑን ሁሉም አየ፣ ወፉን አራት ሰው አየ። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው፤ ጨርሻለሁ ብዬ መውረድ እችል ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። እኔ የነፋስ ኃይል ጠላት አይደለሁም። ደግሜ እላለሁ፣ ጠላት አይደለሁም። መጀመሪያ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት መብራት አልነበረውም። የፈተና ወረቀት የማርመው በኩራዝ ነበር። ጠዋት ስናፈጥ መሀረቤ ጥቁር ይሆናል። የተማሪ ውጤት ላይ ጋዝ ተደፍቶብኝ ለአንድ ክፍል በሙሉ በግምት ማርክ ሰጥቼ አውቃለሁ። ዛሬ ኢንጂነር የሆነ አንድ ልጅ ከዚያ ክፍል ነው፤ ግምቴ አልከፋም። ስለዚህ መብራት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ማንም አያስተምረኝም።

እዚሁ አዳማ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2004 ዓ.ም. ሲያልቅ 34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት ይዘው ቆሙ። ሁለተኛው በ2007 ሲመረቅ 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋዋት። ሲደመር 204 ሜጋዋት። መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ 84 ተርባይኖች፣ 120 ሜጋዋት። ከዚያ አይሻ መጣ፣ ከዚያ አሰላ። አስተሳሰቡም ትክክል ነው። በጋ ሲገባ ወንዞቻችን ይቀንሳሉ፣ ግድቦቻችን ይጎድላሉ። ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው። ክረምት ውኃ፣ በጋ ነፋስ! ይህን ያሰበ መሐንዲስ ይባረክ። ግን “በጋ” የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ወፉና ተርባይኑ ለምን አንድ ቦታ እንደሚገናኙ። ሁለተኛ፣ ወፍ መሞት አለመሞቱን በምን እንደምናውቅ። ሦስተኛ፣ ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገና እኛ ምን እንደምንጠይቅ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እሺ፣ አንደኛ።

አያቴ ዶሮ ታረባ ነበር። ጭልፊት ሲመጣ “እሽ! እሽ!” እያለች ነጠላዋን ታውለበልባለች። ጭልፊቱም ደንታ የለውም፤ ከላይ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። አንድ ቀን “ይኼ ሌባ ክንፉን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ይሰርቀኛል!” አለች። እኔ ያን ጊዜ ሳቅኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሩ ስለ በረራ ሲያስተምር ግን ትዝ አለችኝ። አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ዋናውን ነገር ተናግራዋለች፤ ክንፉን አያንቀሳቅስም!

ለምን አያንቀሳቅስም? ትልልቆቹ ወፎች፣ ንስር፣ ጆፌ አሞራ፣ ሽመላ፣ ከባድ ናቸው። ክንፍ እያርገበገቡ አገር ላቋርጥ ቢሉ ስንቃቸው መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ነፃ ሊፍት ይፈልጋሉ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሙቅ አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ወፉ እዚያ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል፤ ቀጣዩን ሙቅ አየር ያገኛል፣ እንደገና ይወጣል። ሌላም ሊፍት አለ። ነፋስ ገደል ሲገጭ መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይነሳል። ወፉ ያንን ይዞ በሸንተረሩ ጠርዝ ላይ ሽው ይላል።

ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሊፍት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከሩሲያ፣ ከካዛክስታን፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ትልልቅ ወፎች ሰፊ ባሕር ማቋረጥ ይፈራሉ፤ ጠባቡን ይፈልጋሉ። ከየመን ወደ እኛ ወገን ጠባቡ የት ነው? ባብ ኤል መንደብ! ልጆች፣ ጂኦግራፊ አልረሳችሁም። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ ጅቡቲ ዳርቻ ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች ከ246 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ መዝግበዋል። ከነዚያ ውስጥ ከ76 ሺህ በላዩ የስቴፕ ንስር ነው። አንድ ወቅት፣ አንድ ቦታ፣ በሰው ዓይን የተቆጠረ። ያ የስቴፕ ንስር ዛሬ በዓለም አቀፉ ዝርዝር ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው።

እና ጅቡቲ ከደረሱ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ? ከጅቡቲ ቀጥሎ ማን አለ? እኛ! አፋርን ይዘው፣ አዋሽን፣ መተሐራን፣ እኛን አልፈው ወደ ዝዋይ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ሌሎቹም እስከ ደቡብ አፍሪካ። ይህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር እንዲህ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ለሚንሳፈፉ ወፎች በአስፈላጊነቱ ከዓለም ሁለተኛው ነው ይባላል። 37 ዓይነት፣ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ወፎች በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ያልፉበታል። ፓስፖርት የለ፣ ቪዛ የለ።

አሁን መሐንዲሱ ምን ይፈልጋል? ጠንካራ ነፋስ። ጠንካራ ነፋስ የት አለ? ሸንተረር ላይ፣ የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ። ያው ገደል! ንስሩና መሐንዲሱ የሚያነቡት ካርታ አንድ ነው። ሁለቱም ትክክል አንብበዋል። ወቅቱንም አስታውሱ፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል። ነፋሱ የሚፈለገው በበጋ፣ ወፎቹ የሚመጡትም ለበጋ። ቦታው አንድ፣ ወቅቱ አንድ።

“ታዲያ ወፉ ዓይን የለውም እንዴ? ንስር እኮ ነው!” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንሞክረው። ኮፍያ ያደረጋችሁ ልጆች፣ የኮፍያችሁን ከለላ እስከ ቅንድባችሁ ዝቅ አድርጉት። አሁን አንገታችሁን ደፍታችሁ ጫማችሁን እያያችሁ ወደኔ ኑ። ቀስ! ወንበሩን... አዎ፣ ይኸው ገጨኸው። ተመለስ፣ ተቀመጥ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥንብ አንሳ እንዲህ ነው የሚበረው። የዓይኑን እይታ ያጠኑ ሊቃውንት ከጭንቅላቱ በላይ የማያይበት ሰፊ ቦታ እንዳለው አግኝተዋል፤ ፀሐይ እንዳያጭበረብረው ቅንድቡ እንደ ከለላ ይሸፍነዋል። ጥንብ ፍለጋ አንገቱን ወደ መሬት ሲደፋ ፊት ለፊቱን አያይም። ሰማይ ላይ ፊት ለፊት ምን አለ? በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ምንም አልነበረም። አሁን ግን አለ።

ፍጥነቱንም አስሉልኝ። የአንድ ተኩል ሜጋዋቱ ተርባይን ክንፎች ክባቸው ከጫፍ ጫፍ 77 ሜትር ያህል ነው። በ3.14 አባዙት። ማነው የመለሰው? ጎበዝ፣ 240 ሜትር ገደማ። በደቂቃ 15 ጊዜ ቢዞር? 3600 ሜትር። በሰዓት? 216 ኪሎ ሜትር! ከሩቅ ስናየው እንደ ሰነፍ ሰው እጅ ነው የሚወዛወዘው፤ ጫፉ ግን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ፈጣን መንገዱ ላይ የሚኒባስ ሾፌሮቻችን እንኳ እንዲህ አይነዱም።

የሩፔል ጆፌ አሞራ የሚባል አለን። በ1973 እ.ኤ.አ. አቢጃን አቅራቢያ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ የተመዘገበው ከፍታ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ነው። እስከዛሬ የታወቀው ከፍተኛው የወፍ በረራ የሱ ነው። እዚያ መድረስ የሚችል ወፍ መሬት ለመሬት ምሳ ሲፈልግ 100 ሜትር ላይ ይሞታል።

ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ታገሱኝ።

ስለዚህ ነገር ባነሳሁ ቁጥር የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው፤ “ጋሼ፣ የሞተ ወፍ አላየንም።” የሞተ ወፍ አላየንም! እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ማን ቆጠረ? መቼ ቆጠረ? ስንት ጊዜ ቆጠረ?

አንድ ሙከራ ሠርቻለሁ፤ ሳይንስ አትሉትም፣ የጡረተኛ ሥራ በሉት። ከአንድ ዶሮ አርቢ አሥራ ሁለት የሞቱ ጫጩቶች ለምኜ ከከተማ ወጣ ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ ማታ በየቦታው አስቀመጥኩ። ቦታውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ባለቤቴ “በጡረታህ አበድክ” አለችኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተመለስኩ። ስንት አገኘሁ? ሁለት። አሥሩ የሉም። ላባ እንኳ የለም። ሌሊት ጅብ አለ፣ ቀበሮ አለ፣ የመንደር ውሻ አለ፣ ሲነጋ ቁራ አለ። ይህች አገር እኮ የፅዳት ሠራተኛዋ ብዙ ነው! ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ደግሞ የት እንዳስቀመጥኩት እያወቅኩ ሣር ውስጥ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። በወር አንዴ ተርባይን ሥር ዞር ዞር ብሎ “አላየሁም” የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ አላየም። አለማየትና አለመሞት ግን ሁለት ነገር ናቸው።

በሌላው ዓለም ይህንን ያውቁታል። ወፍ ፈላጊው በተወሰነ ቀን ልዩነት በተወሰነ ዙሪያ ይመላለሳል። አስቀድሞም የሞቱ ወፎች ሆን ተብለው ይቀመጡና ስንቱ በአውሬ እንደሚወሰድ፣ ስንቱ ከፈላጊው ዓይን እንደሚያመልጥ ይለካል። ከዚያ ነው ቁጥሩ የሚታረመው። የሠለጠነ ውሻ የሚጠቀሙም አሉ፤ ውሻ ከሰው እጅግ ይበልጣል። የኛ መንደር ውሻም ያገኛል፤ ችግሩ ሪፖርት አያደርግም።

አሁን ደግሞ ስለራሴ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት፣ ቦታውንም መሥሪያ ቤቱንም አልናገርም፣ ለአንድ የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሲደረግ ወፍ ያውቃል ተብዬ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። መቼ ሄድን? ሐምሌ! ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ። ዘጠኝ ቀን ተመደበልን፤ ሁለቱን ቀን መኪናችን ጭቃ ውስጥ ዋለ። ከሰፈሩ በሬ ተለምኖ ነው የወጣው። ሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ? “በጥናቱ ወቅት ፍልሰተኛ ወፍ አልታየም።” ውሸት ነው? ውሸት አይደለም! በሁዳዴ ሰርግ ፍለጋ ወጥቶ “በዚህ አገር ሰው አያገባም” ብሎ እንደመመለስ ነው እንጂ። ፍልሰተኞቹ እኮ ሐምሌ ላይ ካዛክስታን ጎጆ ውስጥ ናቸው!

አለቃዬን “በጥቅምት እንመለስ” አልኩት። በጀት የለም፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል አለኝ። እኔስ ምን አደረግኩ? ፈረምኩ። አበሌን ተቀበልኩ። በዚያ ገንዘብ ቴሌቪዥን ገዛን፤ አሁንም ሳሎን አለ። ሳየው ደስ አይለኝም።

ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ፣ ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ሻይ እየጠጣን “ወፍ አይወድቅም?” ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቆየና “ጋሼ፣ ባለፈው ጥቅምት አንድ ትልቅ ነገር ወድቆ ነበር፤ አሞራ ይሁን ንስር እንጃ፣ ክንፉ ከኔ ቁመት ይበልጣል። አንዱ ክንፉ በቢላ እንደተቆረጠ ነው። አሳዘነኝና ቀበርኩት” አለኝ። “ለአለቆችህ አልተናገርክም?” አልኩት። “ማን ጠየቀኝ?” አለኝ። ማን ጠየቀኝ! ያ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ ቢሰጠው፣ ፎቶ የምታነሳ ስልክ ቢኖረው፣ ያ ወፍ ዛሬ ቁጥር ይሆን ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ቀረ።

አሁን ከመብራት ኃይል የመጡት ወንድሞቼ የሚያስቡትን አውቃለሁ። “አሜሪካ ውስጥ ድመት ከተርባይን የበለጠ ወፍ ይገድላል” ሊሉኝ ነው። እውነታቸውን ነው! ደብቄ አላልፈውም። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተሙ ጥናቶች ግምት እዚያ አገር ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይጨርሳሉ። የነፋስ ተርባይን ከ140 ሺህ እስከ 328 ሺህ። አይወዳደርም። በእኛ አህጉርም የጥንብ አንሳ ዋና ገዳይ ተርባይን አይደለም፤ መርዝ ነው። ከአፍሪካ ከተመዘገበው የጥንብ አንሳ ሞት 61 በመቶው በመርዝ ነው። ከብቱን ጅብ የበላበት ሰው ሬሳው ላይ መርዝ ይነሰንሳል፤ ጅቡም ይሞታል፣ መቶ አሞራም ይሞታል።

እሺ። ግን እኔም ልጠይቃችሁ፤ ድመት ንስር ይዛ ታውቃለች? ድመት የምትይዘው ድንቢጥ ነው። ድንቢጥ በዓመት ደጋግማ ትፈለፍላለች። ጆፌ አሞራ ግን በዓመት አንድ እንቁላል ይጥላል፤ አንድ! ያቺ ጫጩት አድጋ ራሷ እስክትወልድ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ተርባይን ደግሞ ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት ይቆማል። አንድ ተርባይን በዓመት አንድ ትልቅ አሞራ ብቻ ቢገድል፣ ሃያ አሞራ። መቶ ተርባይን ቢሆንስ? ሂሳቡን ለናንተ ትቼዋለሁ። ይህ ሆኗል አላልኩም፤ ስላልቆጠርን አይሆንም ማለትም አንችልም ነው የምለው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት የሚባል ሸንተረር አለ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ተርባይኖች ተደረደሩበት። ቦታው ወርቃማ ንስር አይጥ መሰል አውሬዎችን የሚያድንበት ነበር፤ ማንም አስቀድሞ አላየውም። በኋላ መቁጠር ሲጀመር በየዓመቱ በአሥሮች የሚቆጠሩ ንስሮች እንደሚሞቱ ታወቀ። ዓመታት በፍርድ ቤት ክርክር አለፉ። ከዚያ አሮጌዎቹ እየተነቀሉ በጥቂት ትልልቆች ተተኩ፤ አተካከላቸውም ንስሩ የሚሄድበትን እያየ ሆነ። ተክሎ መንቀል! በእነሱ ዶላር እንኳ ያማል፤ በእኛ ብድርስ?

አሞራ ቢጠፋ ምን አለበት የሚል ካለ ህንድን ይጠይቅ። በ1990ዎቹ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እዚያ የከብቱን ሬሳ የበላውን ጥንብ አንሳ ጨረሰው፤ የአንዳንዱ ዝርያ ከ95 በመቶ በላዩ አለቀ። ሬሳው በየሜዳው ቀረ፣ የባለቤት አልባ ውሻ ቁጥር ጨመረ። እዚህ ቄራ አጠገብ የምትኖሩ፣ ጥንብ አንሳው አንድ ወር ቢቀር ሽታውን አስቡት።

ደወለች? ገና አምስት ደቂቃ አለኝ? እሺ፣ ሦስተኛው ነጥብ። ይህ ፈጠን ይላል፤ መፍትሔው ከችግሩ ይቀላልና።

ስፔን ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ታሪፋ የሚባል አካባቢ፣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ መሻገሪያው አጠገብ፣ ጥንብ አንሳ በብዛት ይሞት ነበር። ምን አደረጉ? ሰው አስቀመጡ። መነጽር የያዘ ሰው! አሞራ ወደ ተርባይን ሲቀርብ በሬዲዮ ይናገራል፤ ያ ተርባይን፣ ያ አንዱ ብቻ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። አሞራው ሲያልፍ ይነሳል። የአሞራው ሞት በግማሽ ቀነሰ። ከዓመቱ ኃይል ስንት ጎደለ? 0.07 በመቶ። ከአሥር ሺህ ብር ሰባት ብር ማለት ነው። በሰባት ብር ዛሬ አዳማ ላይ ሻይ ይገኛል? አይገኝም!

ግብፅ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር ራዳርና ሰው አጣምራ ተርባይን ታቆማለች፤ እዚያ የሚያልፉት ሽመላዎችና ንስሮች እኛ ጋ የሚመጡት ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ኪፔቶ በሚባለው ቦታ ለጆፌ አሞራ ብላ ጠባቂ ቀጥራለች፤ ብዙዎቹ የአካባቢው የማሳይ ልጆች ናቸው። የሥራ ዕድል ነው እኮ! ኖርዌይ ስሞላ ደሴት ላይ ደግሞ ከሦስቱ ክንፍ አንዱን ጥቁር ቀቡት፤ ሲዞር ደብዝዞ እንዳይጠፋ። በአራት ተርባይኖች ላይ ብቻ ነው የሞከሩት፣ የሚሞተው ወፍ ግን ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። አራት ተርባይን ትንሽ ነው፣ ሁሉም ቦታ ይሠራል ብዬ አልምልም። ግን ቀለም ነው! የቀለም ቆርቆሮ ነው!

የሌሊት ወፍን አልረሳሁም፤ እሷም ትሞታለች፣ ምናልባትም ከሁሉ በላይ። ለሷ ሌላ ቀን ጥሩኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም፤ ሽቦው። ተርባይን ብቻውን አይቆምም፣ ምሰሶና ሽቦ ይከተለዋል። ከቡልጋሪያ፣ ከግሪክ፣ ከቱርክ የሚመጣ ነጭ፣ ፊቱ ቢጫ፣ የግብጽ ጥንብ አንሳ የሚባል ወፍ አለ፤ አፋር ውስጥ በአንድ በጋ ከሺህ በላይ ተቆጥሯል። ሱዳን፣ ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተተከለ አንድ መስመር ነበር፤ 31 ኪሎ ሜትር ብቻ። ወፉ ምሰሶው ላይ ሲያርፍ ክንፉ ሁለት ሽቦ ይነካና ይቃጠላል። ለስድሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ሲገድል ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው መስመሩ የተቋረጠው። ስድሳ ዓመት! ምሰሶው ሲሠራ ሽቦውን ትንሽ ማራራቅ ወይም ሽፋን ማልበስ ይበቃ ነበር። ቡልጋሪያ ውስጥ ጎጆ እየጠበቁ ገንዘብ ሲያፈሱ፣ ወፉ ሱዳን ምሰሶ ላይ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ምን እንጠይቃለን? የተተከለው ይነቀል አንልም። አዲስ ቦታ ሲመረጥ ጥናቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ያለውን ይሸፍን እንላለን፤ ቢቻል ሁለት ዓመት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 299/1995፤ ሕዝብ ሪፖርቱን አይቶ አስተያየት እንዲሰጥ ይላል። አስተያየት መስጫው ሲመጣ ደግሞ እናንተ ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ “ወፉን የቆጠራችሁት በየትኛው ወር ነው?” ሐምሌ ካሏችሁ የኔን ቴሌቪዥን አስታውሱ። ለጥበቃ ሠራተኞቹም ደብተር ይሰጣቸው። የሞተ ያገኘ ሰው እንዳይቀጣ፣ እንዳይወቀስ፣ ይመዝገብለት። ከመብራት ኃይል የመጣችሁ፣ ይህን የምላችሁ እንደ ከሳሽ አይደለም፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ይዛችሁት አደባባይ ትወጣላችሁ፣ እኔም አጨበጭብላችኋለሁ።

ደወለች! አሁን እውነተኛ ደወል ነው።

የመጨረሻ ማስታወቂያ። የሚመጣው ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ቆጠራ እንጀምራለን፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ በየሳምንቱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትምጡ፤ ንስር እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ነው፣ አየሩ ሳይሞቅ ከቤቱ አይወጣም። ውኃ፣ ኮፍያ፣ ቆሎ ያዙ። መነጽር ሦስት ብቻ ነው ያለን፣ እየተቀባበልን እናያለን። ዓይኑ ጥሩ የሆነ ልጅ ከመነጽር ይበልጣል። ያ የጥበቃ ሠራተኛ ወዳጄ ፈረቃው ካልያዘው እመጣለሁ ብሏል፤ ደብተር ገዝቼለታለሁ። ስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶው ግን ጠፍቷል፣ የራሳችሁን አውጡ።